የአብራሪነት ፈቃድና ቅጥር፤ በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል

አንድ ሰው አይሮፕላን መንዳት ተምሮ ፈቃድ ከተቀበለ በኋላ በየትኛውም አገር ሰማይ ሊሠራ ይችላል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። አይሮፕላኑ ያው፥ ሰማዩም ያው ስለ ሆነ ይህ አሳብ ከሩቅ ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኒው ዮርክ ለብዙ ዓመታት መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረ ካፒቴን፥ ያንኑ ዓይነት አይሮፕላን ይዞ በፓሪስ ለሚገኝ አየር መንገድ በቋሚነት ልቀጠር ቢል፥ እንደ አዲስ ተማሪ በ13 የትምህርት ዓይነት ለፈተና ይቀመጣል። በፓሪስ ረዳት አብራሪ ሆኖ የሚሠራ፥ 500 ሰዓት የበረረ ወጣት ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ያንኑ ሥራ ቢጠይቅ ሰዓትህ አልሞላም ተብሎ ይመለሳል። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ሰው ሙሉ አብራሪ ነው ብለው አይቀበሉም ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተነሣነው ከጓደኞቻችን መካከል አንዳንዶቹ እዚህ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ወደ በረራ ትምህርት ቤት ለመግባት ስለሚያስቡና፥ «የትኛው ፈቃድ ይሻላል?» የሚለው ክርክር በመኝታ ቤታችን ከእራት በኋላ ብዙ ጊዜ ስለሚነሣ ነው። ክርክሩ ሲጦፍ አንዱ ወገን «አብራሪን አብራሪ የሚያደርገው የበረረው ሰዓት ነው» ይላል፤ ሌላው «አይደለም፥ የተማረው ትምህርት ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት የሚደግሙት የአሜሪካኖችንና የአውሮፓውያንን ክርክር መሆኑን የተገነዘብነው መጻሕፍቱንና ደንቦቹን ካገላበጥን በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1944 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ከ50 የሚበልጡ መንግሥታት መልእክተኞች በቺካጎ ከተማ ተሰብስበው፥ ኢትዮጵያም ከነሱ መካከል ሆና፥ ስለ ዓለም አቀፍ በረራ የሚወስነውን ውል መከሩ። የውሉ 32ኛ አንቀጽ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያለ አይሮፕላን አብራሪ ሁሉ፥ አይሮፕላኑ የተመዘገበበት መንግሥት የሰጠው ወይም ያጸደቀለት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። 33ኛው አንቀጽ ደግሞ ይህ ፈቃድ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደረጃ ካላነሰ ሌሎቹ መንግሥታት ያክብሩት ይላል። ከዚህ የምንረዳው ፈቃዱ የሚከተለው ሰውየውን ሳይሆን በአይሮፕላኑ ላይ የተጻፈውን የአገር ምልክት መሆኑን ነው። የፈረንሳይ ፈቃድ ያለው ሰው በፈረንሳይ የተመዘገበውን አይሮፕላን ይዞ ኒው ዮርክ ቢያርፍ የሚከለክለው የለም፤ ነገር ግን አጠገቡ የቆመውን በአሜሪካ የተመዘገበ አይሮፕላን አስነሥቶ ልንዳ ቢል ያው ፈቃድ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው «ዓለም አቀፍ ፈቃድ» እያለ የሚጠራው ነገር በእውነቱ የለም። ያለው ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መመዘኛ ነው፤ በዚያ ላይ የሚጨምረውን እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ ይወስናል።

የዚህ መመዘኛ ዋና ቍጥር 1500 ሰዓት ነው። የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ የሚባለውን ከፍተኛውን ደረጃ ለመያዝ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ 1500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ያለው በቀኝ በኩል የሚቀመጠው ረዳት አብራሪ ይህን ፈቃድ አስቀድሞ ይያዝ ወይስ እየሠራ ይያዝ በሚለው ላይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካኖች አስቀድሞ ይያዝ ይላሉ፤ አውሮፓውያን ግን ከ200 ሰዓት ብዙ ያልበለጠ ልምድ ያለውን ወጣት፥ ትምህርቱን በሚገባ ከጨረሰና በዚያ በተለየው አይሮፕላን ላይ ከሠለጠነ፥ በካፒቴን አጠገብ ያስቀምጡታል።

ይህ ልዩነት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በአውሮፓ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች የሰጡት የአይሮፕላን ክበቦች ነበሩ፤ የፈረንሳይ ክበብ 1ኛውን ቍጥር በ1909 ዓ.ም. ለሉዊ ብሌሪዮ ሰጠ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በየአገሩ የተቋቋሙት ትላልቆቹ አየር መንገዶች መንግሥታቸው የሚደግፋቸው ስለ ነበሩ፥ እየቆየ አብራሪዎቻቸውን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መርጠው በራሳቸው ገንዘብ ማስተማር ጀመሩ። ሉፍታንዛ በ1956 ዓ.ም. በብሬመን ከተማ ትምህርት ቤቱን ከፈተ፤ እንግሊዞችም በ1960 ዓ.ም. በሐምብል ለሁለቱ ትላልቅ አየር መንገዶቻቸው ኮሌጅ አቋቋሙ። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ፈቃድ መስጠት የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ሲሆን፥ 1ኛው ቍጥር ለኦርቪል ራይት ቀርቦለት እሱ አያስፈልገኝም ስላለ መሥሪያ ቤቱን ይመራ የነበረው ዊሊያም ማክራከን ወሰደው ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ አየር መንገዶች ሺህ ሰዓት የበረሩ የጦር አብራሪዎች በራፋቸው ላይ ተሰልፈው ስለሚጠብቋቸው ትምህርት ቤት የመክፈት ችግር አልነበረባቸውም። ከጦር ሠራዊት ያልመጣው ደግሞ በየመንደሩ ካሉት ትንንሽ የአይሮፕላን ማረፊያዎች ተነሥቶ፥ ጀማሪ እያስተማረ፥ እርሻ ላይ መድኃኒት እየረጨ፥ የማስታወቂያ ጨርቅ እየጎተተ ሰዓቱን ያጠራቅም ነበር። አውሮፓ ውስጥ ነዳጁም የማረፊያው ክፍያም ውድ በመሆኑ እንዲህ ያለ የሥራ መሰላል ብዙ አልተገኘም። ሉፍታንዛ ራሱ ተማሪዎቹን ፀሓይ ወደማይጠፋበት ወደ አሪዞና በረሃ እየላከ ማስተማሩ ይህን በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። አሜሪካኖችም እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በ250 ሰዓት የሚገኘውን የንግድ አብራሪነት ፈቃድ የያዘ ሰው ረዳት አብራሪ እንዲሆን ይፈቅዱ ነበር። ሕጉን የለወጠው አንድ አደጋ ነው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ የኮልገን አየር መንገድ አይሮፕላን ሊያርፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ ከመጠን በላይ ቀነሰ፤ መሪው እየተንቀጠቀጠ ክንፉ አየሩን መሸከም ሊያቅተው መሆኑን ቢያስጠነቅቅም፥ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ በማድረግ ፈንታ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። በአይሮፕላኑ የነበሩት 49 ሰዎችና በመሬት ላይ በቤቱ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ሐዘናቸውን ይዘው ቤታቸው አልተቀመጡም፤ ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሱ የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት ደጅ ጠኑ። በኦገስት 2010 ዓ.ም. ሕጉ ተፈረመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ረዳት አብራሪዎች ሁሉ 1500 ሰዓት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ከጦር ሠራዊት ለሚመጣ 750፥ በበረራ ሙያ ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ለተመረቀ 1000 ሰዓት እንዲበቃ ተደረገ።

እኛን ያስገረመን ግን ይህ ነው። የዚያ አይሮፕላን ካፒቴን ከ3300 ሰዓት በላይ፥ ረዳቱ ከ2200 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ። አዲሱ ሕግ በዚያ ሌሊት በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ሰዎች ከመቀመጫቸው ባላስነሣቸውም ነበር። መርማሪዎቹ የጻፉት ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያው ስለ ሰጠው የተሳሳተ መልስ፥ ደግሞም ስለ ድካም፥ ስለ ሥልጠናና ቀደም ሲል ስለ ወደቃቸው ፈተናዎች ነው፤ ሰዓት ማነስን ምክንያት አላደረጉም። በዚያው ዓመት በጁን 1 ቀን ከሪዮ ደ ጃኔይሮ ወደ ፓሪስ የሚበር የኤር ፍራንስ አይሮፕላን 228 ሰዎች ይዞ አትላንቲክ ውስጥ ወደቀ። በዚያም የፍጥነት መለኪያዎቹ በበረዶ ሲደፈኑ መሪው ወደ ኋላ ተሳበ፤ ክንፉ አየሩን መሸከም አቃተው። ካፒቴኑ ወደ 11000 ሰዓት የሚጠጋ ልምድ ነበረው። ሁለት አኅጉር፥ አንድ ዓመት፥ አንድ ዓይነት ስሕተት፤ የተወሰደው መድኃኒት ግን የተለያየ ነው። አውሮፓውያን ሰዓት አልጨመሩም፤ ይልቅስ አይሮፕላን ከሥርዓቱ ሲወጣ እንዴት እንደሚመለስ በሰማይ ላይ የሚያስተምር ትምህርት በ2019 ዓ.ም. ለጀማሪዎች ግዴታ አደረጉ። ለአሜሪካኖችም ፍትሕ ለማድረግ እነሱም ከሰዓቱ ጋራ 30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 10 ሰዓት የምስለ በረራ ልምምድ ጨምረዋል፤ በእኛ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ የተሻለው ክፍል ይህ ነው፥ ነገር ግን ጋዜጣ ላይ ስሙ አይነሣም።

ሰዓት ምንድን ነው? ሰዓት ጊዜን ይቈጥራል እንጂ ጊዜው በምን እንዳለፈ አይናገርም። በጠራ ሰማይ አንድ ጀማሪ ሲያሳርፍና ሲያስነሣ አጠገቡ ተቀምጦ ያለፈ ሺህ ሰዓት ትዕግሥትንና ኀላፊነትን ያስተምራል፤ ብቻውን ለመወሰን የተገደደ ሰው ከዚያ የሚያገኘውን ብስለት መናቅ አይገባም። ነገር ግን በሁለት ሰው ስለሚነዳ፥ በከፍታ ላይ በድምፅ ፍጥነት አጠገብ ስለሚሄድ አይሮፕላን ብዙ አያስተምርም። ከዚህ የተነሣ ነው የዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለሁለት ሰው ሥራ የሚያዘጋጅ አዲስ ዓይነት ፈቃድ የፈቀደው፤ ዝቅተኛው 240 ሰዓት ሲሆን ብዙው በምስለ በረራ ይፈጸማል። አሜሪካ ይህን ፈቃድ አትሰጥም።

የአውሮፓውያኑንም መንገድ ቅዱስ አድርገን ልናቀርበው አንፈልግም። 13ቱ ፈተናዎች ከአየር ሕግ እስከ አየር ጠባይ፥ ከሞተር እስከ ሰው አእምሮ ያሉትን ሁሉ ያካትታሉ፤ ማለፊያው ከመቶ 75 ሲሆን በ18 ወር ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። አሜሪካዊው የጽሑፍ ፈተና ግን በየደረጃው አንድ ጊዜ ሲሆን ማለፊያው ከመቶ 70 ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈታኙ ፊት ለፊት ተቀምጦ በቃል ይመረምረዋል። ከወረቀቱ ብዛት ስንነሣ አውሮፓ ይበልጣል ያሰኛል። ሆኖም የጥያቄዎቹ ጥርቅም በየገበያው እየተሸጠ፥ ተማሪዎች ሺህ በሺህ ጥያቄ ከነመልሱ በቃላቸው እንደሚይዙ የታወቀ ነው። ለማትሪክ የተዘጋጀን ሰዎች ይህን በሽታ አስተማሪ ሳያስፈልገን እናውቀዋለን። ጥያቄን በቃል የያዘ መልሱን ያውቃል፥ ነገሩን ግን አያውቅም። የአሜሪካኖች የቃል ፈተና በዚህ በኩል የሚያስቀና ነው፤ «ለምን?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚሸሸግበት አራት ምርጫ የለውም።

ይህ ክርክር የሩቅ ሰዎች ክርክር ሆኖ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል ባልተጨነቅንበት ነበር። በማርች 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፥ ገና መርማሪዎቹ ሥራቸውን ሳይጀምሩ በአሜሪካ የተነሣው ጥያቄ «ረዳት አብራሪው ስንት ሰዓት ነበረው?» የሚል ነበር። ካፒቴኑ 8122 ሰዓት፥ ረዳቱ 361 ሰዓት ነበራቸው። 361 ሰዓት በአሜሪካ ሕግ አያስቀጥርም፤ በአውሮፓ ግን በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። በሐድሰን ወንዝ ላይ አይሮፕላን በማሳረፉ ስሙ የታወቀው ካፒቴን ሰለንበርገር፥ በመጀመሪያው ሳምንት የረዳቱ ሰዓት 200 ነው ተብሎ በተወራበት ጊዜ፥ ይህ ለጄት አይሮፕላን እጅግ ያነሰ ነው ሲል ጻፈ። በሜይ ወር አንድ የምክር ቤት አባል በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ አይሮፕላኑን ይቈጣጠሩት ነበር የሚል አሳብ ሰነዘረ። እውነቱ ግን የወጣው ከሌላ በኩል ነው፤ ከአንድ የተበላሸ መለኪያ በመጣ የሐሰት ምልክት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፋ መሣሪያ አይሮፕላኑ ውስጥ ነበረ፥ ከአምስት ወር በፊት በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች የሞቱበት አደጋ እስኪደርስ ድረስ በአብራሪዎች መመሪያ ላይ እንኳ አልተገለጸም ነበር። ያው ካፒቴን ሰለንበርገር በጁን ወር በምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ፥ አደጋውን በምስለ በረራ ራሱ ሞክሮት ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ እያወቀ እንኳ ጊዜ እንዴት እንደሚያጥር መገንዘቡን መሰከረ። ቃሉን በይፋ ያሻሻለ ሰው ስለ ሆነ እናከብረዋለን።

ፍርዳችን አድልዎ ያለበት እንዳይሆን ይህንም እንጨምራለን። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ላይ፥ የአሜሪካም የፈረንሳይም መርማሪ መሥሪያ ቤቶች የአብራሪዎቹ አሠራር በሚገባ አልተመረመረም ብለው አስተያየታቸውን ጽፈዋል። በሰዓት ጉዳይ የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች በዚህ ተስማምተዋል። ይሁን እንጂ የሰውን አሠራር መመርመር አንድ ነገር ነው፤ በሰዓቱ ቍጥር ብቻ መፍረድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ሲደረግ ፋብሪካው የሠራው ስሕተት ከቍጥሩ በስተጀርባ ይሸሸጋል።

አሁን ወደ ቅጥሩ እንመለስ። በአሜሪካ 1500 ሰዓት የሚጠበቅበት ወጣት ገንዘቡን ከፍሎ ወይም አስተማሪ ሆኖ ሁለት ሦስት ዓመት ይቈያል። ሰው ሲያጥር ደመወዝ ይወጣል፤ በ2022 ዓ.ም. አንዳንድ ትንንሽ አየር መንገዶች ለአዲስ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር መክፈል ጀመሩ፥ ከዐሥር ዓመት በፊት ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ የአብራሪዎቹ ማኅበር ሕጉን የሚከላከለው ለደኅንነት ብቻ ነው ወይስ ለደመወዝም ጭምር የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ እኛ ሁለቱም ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም፥ ማኅበር ለአባሎቹ መቆሙም ነውር አይደለም። የአየር መንገዶቹም ወገን ከጥቅም የጸዳ አይደለም። በዚያው ዓመት ስካይዌስት በአብራሪ እጥረት ምክንያት በ29 ትንንሽ ከተሞች አገልግሎቱን ለማቆም አሳብ መኖሩን አስታወቀ፤ ሪፐብሊክ የተባለው አየር መንገድም ለራሱ ትምህርት ቤት ምሩቃን 750 ሰዓት እንዲበቃ ጠይቆ ተከለከለ። በ2024 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ 1500ውን ሳይነካ አለፈ።

አውሮፓ ውስጥ ሰዓት ሳይሞላ ሥራ ይገኛል፥ ዋጋው ግን በሌላ መንገድ ይከፈላል። ጥንት አየር መንገዱ ይከፍል የነበረውን የትምህርት ገንዘብ ዛሬ በብዙ ቦታ ወጣቱና ቤተ ሰቡ ይበደራሉ፤ ፈቃዱን ካገኘም በኋላ ለተለየው አይሮፕላን የሚያስፈልገውን ሥልጠና ራሱ እንዲከፍል ይጠየቃል። የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ከጠየቋቸው ከ6000 በላይ አብራሪዎች መካከል ከስድስቱ ከአንድ የሚበልጠው ከአየር መንገዱ ጋራ ቀጥተኛ የቅጥር ውል የሌለው፥ በደላላ ድርጅት ወይም ራሱን እንደ ነጋዴ አስመዝግቦ የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ባለ ዕዳ ወጣት ደክሞኛል ብሎ አልበርም ለማለት ምን ያህል ይደፍራል? ይህ ከሰዓቱ ቍጥር የማያንስ የደኅንነት ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

ሁለቱ ገበያዎች ፊት ለፊት የተጋጩት በኖርዌጂያን አየር መንገድ ጉዳይ ነው። ይህ ድርጅት በአየርላንድ ንኡስ ኩባንያ አቋቁሞ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አሜሪካ የመብረር ፈቃድ ጠየቀ። የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር፥ የኖርዌይን የሥራ ሕግ ሸሽቶ በእስያ ደላላ በኩል በርካሽ አብራሪ ሊቀጥር ነው ብሎ ተቃወመ። የሚያስደንቀው የአውሮፓ አብራሪዎች ማኅበርም ከአሜሪካኖቹ ጋራ መሰለፉ ነው፤ በፈቃድ የሚፎካከሩት በደመወዝ ወንድማማች ሆኑ። ጥያቄው ሦስት ዓመት ያህል ተጓትቶ በዲሴምበር 2016 ዓ.ም. ተፈቀደ፤ ድርጅቱም በ2021 ዓ.ም. የሩቅ በረራውን አቁሟል።

ለጓደኞቻችን ጥያቄ እንግዲህ ይህን እንመልሳለን። የፈቃዱን ዓይነት ከመጠየቅ በፊት በየትኛው አገር የመኖርና የመሥራት መብት እንዳላቸው ይጠይቁ። የአሜሪካ በረራ ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር ተማሪ በደስታ ይቀበላሉ፤ ፈቃዱንም ይሰጣሉ፤ የሥራውን በር የሚከፍተው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ወረቀት በአንድ ሌሊት ሊለወጥ እንደሚችልም እንግሊዞች አይተዋል፤ አገራቸው በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ከአውሮፓ የአቪዬሽን ድርጅት ስትወጣ ትናንት በሁሉ አገር ይሠራ የነበረው ፈቃዳቸው በአውሮፓ የተመዘገበ አይሮፕላን የማይነዳ ሆነ፥ ብዙዎቹም ቀደም ብለው መዝገባቸውን ወደ አየርላንድና ወደ ሌሎች አገሮች አዛውረዋል። በዚያው በ2020 ዓ.ም. አሜሪካና አውሮፓ አንዱ የሌላውን ፈቃድ በቀላሉ የሚለውጥበትን ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ስምምነቱ ግን የሚያገለግለው ለግል በረራ ብቻ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለ አራት መቀመጫ አይሮፕላን ይዞ ለሚዝናና ሰው ማለት ነው፤ በደመወዝ ለሚበር ሰው ዛሬም 13ቱ ፈተናዎች በአንድ ወገን፥ 1500ው ሰዓት በሌላው ወገን እንደ ቆሙ ናቸው።